እምቢ የሚል መሣሪያ፦ ትልልቅ ነባር ሶፍትዌሮችን በራስ ሰር ስለማደስ

በጅማ ከተማ ለሶፍትዌር ባለሙያዎችና ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር ነው፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤

በትምህርት ቤት የምንጽፈው ኮድ ሁልጊዜ ከባዶ ፋይል ይጀምራል፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅም አብሮ ያልቃል። በሥራ ዓለም የሚጠብቃችሁ ግን ሌሎች የጻፉት፣ ሌሎች የጠጋገኑት፣ ጸሐፊዎቹም አብዛኞቹ ሥራ ለቀው የሄዱበት ኮድ ነው። ደመወዝ የሚያሰላው፣ የውሃ ቢል የሚያወጣው፣ የተማሪ ውጤት የሚመዘግበው፣ በመጋዘን ስንት ኩንታል ቡና እንዳለ የሚቆጥረው ፕሮግራም ዕድሜው ብዙ ጊዜ ከሚጠቀምበት ሠራተኛ የአገልግሎት ዘመን ይበልጣል። ቪዥዋል ቤዚክ 6 የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የወጣው በ1998 ነው፤ ማይክሮሶፍት ለመጻፊያ መሣሪያው ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ በ2008 አቁሟል፤ በእርሱ የተጻፉ ፕሮግራሞች ግን ዛሬም ይሠራሉ። በ1959 የተወጠነው የፕሮግራም ቋንቋ ኮቦልም እስከ ዛሬ የብዙ አገሮችን ባንኮች ሂሳብ ያንቀሳቅሳል።

ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ፕሮግራም የሚያረጀው ስለሚጠቅም ነው፤ የማይጠቅመውማ ገና ድሮ ተጥሏል። የሶፍትዌር ለውጥን በማጥናት የሚታወቀው ሜየር ሌህማን ከ1974 ጀምሮ ባወጣቸው ሕጎች ውስጥ ሁለቱ ለዛሬው ጉዳያችን መሠረት ናቸው። በእውነተኛው ዓለም የሚያገለግል ፕሮግራም ያለማቋረጥ ካልተለወጠ ጠቃሚነቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በተለወጠ ቁጥር ደግሞ ውስብስብነቱን ለመቀነስ ሆን ተብሎ ካልተሠራ በቀር ውስብስብነቱ እየጨመረ ይሄዳል። የግብር ሕግ ሲሻሻል ኮዱ ይነካል፤ አዲስ መሥሪያ ቤት ሲዋቀር ይነካል፤ የስልክ ቁጥር አሃዝ ሲጨመር ይነካል። ሁሉም ለውጥ በየጊዜው ትክክል ነበር፤ ድምራቸው ግን ማንም ሙሉ በሙሉ የማያውቀው ነገር ይሆናል።

እዚህ ጅማ ሁላችንም የምናውቀው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፤ ማጋጠሚያም ሚስማርም የለውም። ጥንካሬው የሚመነጨው ከዚያ ነው፤ ነገር ግን አንዱ እግር ቢሰነጠቅ ያንን ብቻ ነቅሎ በሌላ መተካት አይቻልም። አብዛኞቹ ነባር ስርዓቶች እንዲህ ተሠርተዋል፤ የክፍያው ስሌት ከስክሪኑ አቀማመጥ፣ የስክሪኑ አቀማመጥ ከዳታቤዙ ሠንጠረዥ ጋር አንድ አካል ሆነዋል። ስለዚህ ብዙ አለቆች የሚቀናቸው መፍትሔ «ጥለነው እንደ አዲስ እንጻፈው» የሚል ነው። ይህ መንገድ አንዳንዴ ትክክል ቢሆንም በጣም ውድ ነው። የብሪታንያው ቲኤስቢ ባንክ በሚያዝያ 2018 አምስት ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹን በአንድ ቅዳሜና እሁድ ከአሮጌው ስርዓት ወደ አዲስ ሲያዛውር እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች ሂሳባቸውን መክፈት ተስኗቸው ነበር፤ ባንኩም በ2022 ከ48 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተቀጥቷል።

ሁለተኛው መንገድ ስርዓቱ ሥራውን ሳያቋርጥ ውስጡን በጥቂት በጥቂቱ ማስተካከል ነው። የፕሮግራሙን ውጫዊ ባህሪ ሳይነኩ ውስጣዊ አወቃቀሩን መለወጥ ሪፋክተሪንግ ይባላል። ኮዱ መቶ ሺህ ወይም አንድ ሚሊዮን መስመር ሲሆን ደግሞ በእጅ የሚሞከር አይደለም፤ በመሣሪያ መሠራት አለበት። ስለ እነዚህ መሣሪያዎች ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወደሰው ፍጥነታቸው ነው። እኔ በዚህ ንግግር ልከራከርበት የመጣሁት ሐሳብ የእነዚህ መሣሪያዎች ዋና ዋጋ እምቢ ማለታቸው ነው የሚል ነው። ጥሩ መሣሪያ የሚታወቀው ባህሪው እንደሚጠበቅ ማረጋገጥ ሲያቅተው «ይህን አልለውጥም» በማለቱ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ከመስኩ አጀማመር ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ዊልያም ግሪስወልድ በ1991 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ዊልያም ኦፕዳይክ ደግሞ በ1992 በራልፍ ጆንሰን አማካሪነት በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቧቸው የዶክትሬት ጥናቶች የዚህ መስክ መነሻ ተደርገው ይቆጠራሉ። ኦፕዳይክ ያደረገው ቀላል ይመስላል። እያንዳንዱን የአወቃቀር ለውጥ ከቅድመ ሁኔታዎቹ ጋር አያይዞ አስቀመጠ፤ ቅድመ ሁኔታዎቹ ከተሟሉ ለውጡ ባህሪን አይነካም፤ ካልተሟሉ ለውጡ አይፈጸምም። ቀጥሎ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ጆን ብራንትና ዶን ሮበርትስ ለስሞልቶክ ቋንቋ የሠሩት መሣሪያ ሐሳቡን ከወረቀት አውጥቶ ፕሮግራመር በየቀኑ የሚጠቀምበት አደረገው። ዛሬ ኤክሊፕስ ወይም ኢንቴሊጄ በተባሉት የኮድ መጻፊያ መሣሪያዎች ውስጥ ስም ለመቀየር የምትጫኑት ትእዛዝ የዚያ ዝርያ ነው።

ቅድመ ሁኔታ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንየው። በአንድ የክፍያ ፕሮግራም ውስጥ «ቅናሽ» የሚባል ፈንክሽን፣ ማለትም በስሙ እየተጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል፣ አለ እንበል፤ ስሙን ወደ «የጡረተኛ ቅናሽ» መለወጥ እንፈልጋለን። በጽሑፍ ፈልጎ መተካት ብቻ የሚያውቅ ሰው ቃሉን በፋይሎቹ ሁሉ ይቀይረዋል። ነገር ግን ያው ቃል በሌላ ፋይል ውስጥ የተለየ ነገር የያዘ ተለዋዋጭ ስም ነው፤ በዳታቤዙ ውስጥ የአምድ ስም ነው፤ በደረሰኙ ላይም የሚታተም ጽሑፍ ነው። ለጽሑፍ ፈላጊው አራቱም አንድ ናቸው። የሪፋክተሪንግ መሣሪያ ግን ኮዱን እንደ ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ እንደሚተረጉመው ፕሮግራም) ያነበዋል፤ ፊደላቱን የኮዱን ሰዋስው ወደሚያሳይ የአገባብ ዛፍ ይለውጣል፤ እያንዳንዱ ስም የት እንደተሰየመና የትኛውን ነገር እንደሚያመለክት በሠንጠረዥ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ የዚያን ፈንክሽን ጥሪዎች ብቻ ይነካል። አዲሱ ስም በዚያው ክልል ውስጥ ቀድሞ የተያዘ ከሆነም አይቀጥልም። ከረጅም ፈንክሽን ውስጥ ጥቂት መስመሮችን ነጥሎ ራሱን የቻለ ፈንክሽን ማድረግ ሲታዘዝም እንዲሁ ነው፤ ከሚነጠሉት መስመሮች መካከል ወደ ውጭ ዘሎ የሚወጣ ካለ፣ ወይም በኋላ የሚፈለጉ ብዙ እሴቶች በዚያ ውስጥ የሚለወጡ ከሆነ፣ ብዙ መሣሪያዎች ምክንያቱን ነግረው ያቆማሉ።

የስምና የቦታ ለውጥ ሲጠናቀቅ ሰው ብዙ ጊዜ የማያስበው አንድ ችግር ይመጣል። ኮምፓይለር ለማሽን ስለሚሠራ አስተያየት መስጫ መስመሮችንና ክፍት ቦታዎችን አውጥቶ ይጥላቸዋል። የሪፋክተሪንግ መሣሪያ ይህን ቢያደርግ ግን ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ሰው «ይህን መስመር አትንኩት፣ ኦዲተሮች ጠይቀውበታል» ብሎ የጻፈው ማስጠንቀቂያ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ እንደ ኦፕንሪራይት ያሉ መሣሪያዎች የአገባቡን ዛፍ ከነአስተያየቱና ከነክፍት ቦታው ጠብቀው ይይዛሉ፤ ያልተለወጠው መስመር በአንድ ፊደል እንኳ ሳይለይ ተመልሶ ይጻፋል። ለውጡን የሚገመግመው ሰው የሚያነበው የተለወጠውን ብቻ እንዲሆን ያደረገው ይህ ነው።

አሁን ወደ ወሰኑ እንለፍ። አላን ቱሪንግ በ1936፣ ሄንሪ ራይስ ደግሞ በ1953 ካረጋገጡት ውጤቶች የሚከተለው፣ ሁለት ፕሮግራሞች በማንኛውም ግብአት ላይ አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጡ እንደሆነ ለሁሉም ፕሮግራም በትክክል የሚመልስ ዘዴ ሊኖር እንደማይችል ነው። ወደፊት ኮምፒውተር ስለፈጠነ የሚቀረፍ ችግር አይደለም፤ የሒሳብ ወሰን ነው። ስለዚህ መሣሪያ ሠሪው ሁለት ምርጫ አለው፤ አንዳንድ ትክክለኛ ለውጦችን ጭምር ከልክሎ በአስተማማኝ ጎን መቆም፣ ወይም ሁሉንም እየፈቀደ አንዳንዴ ፕሮግራሙን ማበላሸት። የመጀመሪያው ተጠቃሚውን ያበሳጫል፤ እኔ ግን ብስጭቱን እመርጣለሁ። ጥንቃቄውም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ተመራማሪዎች በ2007 የኤክሊፕስንና የመሰሉን የኔትቢንስን የሪፋክተሪንግ ትእዛዞች ራሳቸው በሚያመነጯቸው ፕሮግራሞች ፈትነው ከዚያ በፊት ያልታወቁ በርካታ ስህተቶች አግኝተውባቸዋል።

ኮዱ ራሱ ዓይን የሚጋርድባቸው ቦታዎችም አሉ። ፕሮግራሙ የሚጠራውን ፈንክሽን ስም በሥራ ላይ እያለ ከቁርጥራጭ ጽሑፍ አገጣጥሞ የሚያወጣ ከሆነ፣ መሣሪያው ያንን ጥሪ በኮዱ ውስጥ አያገኘውም። ለዳታቤዝ የሚቀርብ የኤስኪውኤል ጥያቄ እንደ ተራ ጽሑፍ ተጽፎ በመካከሉ የአምድ ስም ሲሰካበትም እንዲሁ ነው፤ የአገራችን የፒኤችፒና የቪዥዋል ቤዚክ ኮድ ደግሞ ይህን ይወዳል። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ትልቅ ስርዓት ከሆነ ኮምፓይለሩ ከማየቱ በፊት የሚሠራው ቅድመ አዘጋጅ ችግሩን ያበዛዋል፤ አንዱ ፋይል እንደ አማራጮቹ ብዙ የተለያዩ ፕሮግራሞችን ይወልዳልና። የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ ገንቢዎች ይህን ከባድ ፈተና የተጋፈጡት ኮክሲኔል በሚባል መሣሪያ ነው። ጁሊያ ላውል፣ ዢል ሙለርና ባልደረቦቻቸው በፈረንሳይና በዴንማርክ የሠሩት ይህ መሣሪያ፣ በከርነሉ ውስጥ አንድ የጋራ ፈንክሽን ሲለወጥ በየድራይቨሩ (አንድን የኮምፒውተር ዕቃ በሚያሠራው ክፍል) የሚያስከትለውን ተዛማጅ ለውጥ እንደ ደንብ ለመጻፍ ያስችላል። የደንቡ መልክ ፕሮግራመሩ በየቀኑ የሚያየውን የለውጥ ፋይል፣ የሚወጣው መስመር በመቀነስ፣ የሚገባው በመደመር ምልክት የሚጻፍበትን መልክ ይመስላል፤ በመካከሉ ግን «እዚህ ምንም ቢኖር» የሚሉ ክፍት ቦታዎች አሉት። ፕሮግራመሩ አዲስ ቋንቋ ሳይማር ደንቡን ያነበዋል፤ በእኔ ግምት መሣሪያው ሥር የሰደደው ከሁሉም በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

ስፋቱን ለመረዳት የጉግልን ሁኔታ ማየት ይጠቅማል። ኩባንያው ኮዱን በአብዛኛው በአንድ የጋራ ማከማቻ ያስቀምጣል፤ በ2015 መጀመሪያ ይህ ማከማቻ በ9 ሚሊዮን ፋይሎች ውስጥ ወደ 2 ቢሊዮን የሚጠጋ መስመር ነበረው። ባለሙያዎቹ በ2013 ባሳተሙት ጥናት የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድን የሚያነበውን ክላንግ ኮምፓይለር ሥራን በብዙ ማሽኖች ላይ ከሚያከፋፍለው ማፕሪዱስ ጋር አጣምረው በጠቅላላው ማከማቻ ላይ አንድ ለውጥ እንዴት እንደሚያካሂዱ አስረድተዋል። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ለውጡ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይገባም፤ ሮዚ የሚባል ሌላ መሣሪያ ትልቁን ለውጥ በፋይሎቹ ባለቤቶች ልክ ይቆራርጠዋል፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ይፈትነዋል፤ ለባለቤቱ ግምገማ ይልከዋል፤ ከጸደቀ በኋላ ያስገባዋል። በ2 ቢሊዮን መስመር ላይ ያለው ዲሲፕሊን በ20 ሺህ መስመርም ላይ አንድ ነው፤ ትንሽ ለውጥ፣ ለብቻው የተፈተነ፣ ወደኋላ ሊመለስ የሚችል።

የፓይተን ታሪክ ደግሞ መሣሪያ የት እንደሚቆም በግልጽ ያሳያል። ፓይተን 3 በታኅሣሥ 2008 ሲወጣ በፓይተን 2 የተጻፈውን ኮድ ወደ አዲሱ የሚቀይር መሣሪያ አብሮት ነበር። የማተሚያ ትእዛዙን ቅርጽና ሌሎች የአገባብ ለውጦችን መሣሪያው ያለ ችግር ሠራ። ማካፈልን ግን አልነካም። በፓይተን 2 ሙሉ ቁጥር 7 ለ2 ሲካፈል 3 ይሆን ነበር፤ በፓይተን 3 ደግሞ 3.5 ነው። በኮዱ ውስጥ «ሀ» ለ«ለ» ሲካፈል ያየ መሣሪያ እነዚህ ተለዋዋጮች በሥራ ላይ ሙሉ ቁጥር ይሁኑ አይሁኑ ከጽሑፉ ሊያውቅ ስለማይችል መስመሩን እንዳለ ተወው፤ ትርጉሙ ግን በዝምታ ተለወጠ። የፓይተን 2 ድጋፍ በይፋ ያበቃው ጥር 1 ቀን 2020 ነው፤ ሽግግሩ ከ11 ዓመት በላይ መውሰዱን ሳስብ ዋናው ሸክም እንዲህ ያሉት በዝምታ የሚለወጡ ነገሮች ይመስሉኛል።

አሁን ሰፋ አድርጌ ልናገረው የምፈልገው የናይት ካፒታል ጉዳይ ነው። ናይት በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ከትልልቆቹ አገበያዮች አንዱ ነበር። የደንበኞችን ትእዛዝ ወደ ገበያው የሚያስተላልፈው ፕሮግራሙ ውስጥ ፓወር ፔግ የሚባል ከ2003 ጀምሮ ያልተሠራበት አሮጌ ክፍል ነበር፤ ማንም አላጠፋውም። በ2005 ኩባንያው የኮዱን አወቃቀር ሲያስተካክል፣ ከአንድ ትእዛዝ ስንት አክሲዮን እንደተፈጸመ እየቆጠረ «በቃ» የሚለውን ቆጣሪ ከነበረበት አንሥቶ በኮዱ ቅደም ተከተል ቀደም ወዳለ ቦታ ወሰደው። ይህ ሪፋክተሪንግ ነበር። ነገር ግን ፓወር ፔግ ከዚያ በኋላ በትክክል ይሠራ እንደሆነ አልተፈተነም፤ የማይሠራበት ኮድ ነዋ።

በ2012 የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ አዲስ አሠራር ሲጀምር የናይት ፕሮግራመሮች ለአዲሱ ሥራ አዲስ ኮድ ጻፉ፤ እርሱን ለማስነሣትም ቀድሞ ፓወር ፔግን ያስነሣ የነበረውን ፍላግ፣ ማለትም የማብሪያና ማጥፊያ ምልክት፣ መልሰው ተጠቀሙበት። አዲሱ ኮድ በ8 ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት፤ በአንዱ ላይ ሳይጫን ቀረ፤ ሁለተኛ ሰው እንዲያረጋግጥ የሚያስገድድ ደንብም አልነበረም። ነሐሴ 1 ቀን 2012 ገበያው ሲከፈት ስምንተኛው ሰርቨር ፍላጉን ተቀብሎ የሞተውን ኮድ አስነሣ፤ ቆጣሪው ከቦታው ተወስዷልና መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም ነበር። ባለሙያዎቹ ችግሩን ለማስቆም አዲሱን ኮድ በትክክል ከተጫነባቸው ከ7ቱ ሰርቨሮች ላይ አነሱት፤ በዚህም አሮጌው ኮድ በሁሉም ላይ ተነሣና ጉዳቱ ባሰ። በ45 ደቂቃ ውስጥ 212 ትእዛዞች ወደ 4 ሚሊዮን ግብይቶች ተባዙ፤ ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በለጠ። የአሜሪካ የዋስትናና ገበያ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ውሳኔ ይህን ሁሉ ዘርዝሮ 12 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቷል።

ይህን ታሪክ ብዙዎች የሚጠቅሱት ስለ አጫጫን ስህተት ነው፤ እኔ የማነብበው ግን በ2005 ከተደረገው ለውጥ ጀምሮ ነው። ቆጣሪው ሲነሣ ማንም ሰው የማይጠራው ኮድ ከስርዓቱ ውስጥ ነበር፤ የማይጠራውን ኮድ መፈለግና ማውጣት ደግሞ መሣሪያ በጣም ጎበዝ ከሆነባቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ከየትም የማይደረስበትን ፈንክሽን ከጥሪ መረብ ውስጥ ለይቶ ያሳያል። በፍላግ የተዘጋን ኮድ ግን ሊደረስበት የሚችል አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ፍላጉ ዳግመኛ እንደማይበራ የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ለትልቅ ነባር ስርዓት የመጀመሪያው ሪፋክተሪንግ፣ በእኔ እምነት፣ ምንም ነገር ከማሳመር በፊት የፍላጎቹን ዝርዝር አውጥቶ ከየባለቤቶቹ ጋር አንድ በአንድ መዝጋትና የሞተውን ኮድ መቅበር ነው።

የራሳችንን አገር ኮድ በተመለከተ ከውጭ በመጡ መሣሪያዎች ውስጥ የማይገኙ ሁለት ነገሮችን ላንሣ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠራችን ነው። አቆጣጠራችን ከጎርጎርዮሳዊው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል፤ ዓመቱ 13 ወር አለው፤ ጳጉሜን 5 ቀን ነው፣ በየአራት ዓመቱም 6 ይሆናል፤ የዘመን መለወጫውም መስከረም 1 በዚያኛው አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11፣ ጳጉሜን 6 በሆነ ማግስት ደግሞ 12 ላይ ይውላል። በነባር ኮድ ውስጥ ይህ ሁሉ በአንድ ቦታ ተጽፎ አይገኝም። አንዱ ፕሮግራመር ከዓመቱ 8 ቀንሶ አልፏል፤ ሌላው ወሩን አይቶ 7 ወይም 8 ይቀንሳል፤ ሦስተኛው ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ደርቦታል፤ አራተኛው ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነው ብሎ ወለድ አስልቷል። መሣሪያ እነዚህን ስሌቶች በቅርጻቸው ፈልጎ ያወጣቸዋል፤ ሁሉንም በአንድ ፈንክሽን ተክቶ ከበስተኋላው የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያውቀውን አይሲዩ የተባለውን ነጻ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ማስገባትም ይቻላል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወሩን ሁሉ 30 ቀን አድርጎ ወለድ የሚያሰላው ኮድ ስህተት ይሁን የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ከኮዱ ላይ አይታወቅም፤ ከደንቡ መዝገብ ነው የሚታወቀው። «አስተካክለን» አንድ ብናደርገው በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ዕዳ በሳንቲምም ቢሆን ይለወጣል፤ ያኔ የሠራነው ሪፋክተሪንግ መሆኑ ይቀራል። የመጨረሻው ጳጉሜን 6 በ2015 ዓ.ም. ነበር፤ ቀጣዩ በ2019 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ በተቀየረ ኮድ ላይ የዚያ ቀን ቴስት ከሌለ ስህተቱ የሚታወቀው ዕለቱ ሲደርስ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ መሥሪያ ቤቶች ጽሑፋቸውን የጻፉት እያንዳንዳቸው የራሳቸው የኮድ አሰጣጥ ባላቸው ፎንቶች ነበር። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው የላቲን ምልክት ነው፤ አማርኛ ሆኖ የሚታየው ፎንቱ ሲጫን ብቻ ነው። ዳታውን ወደ ዩኒኮድ ማዛወር የታወቀ ሥራ ነው፤ ኮዱን ማዛወር ግን ይረሳል። በአሮጌው ኮድ ውስጥ የስም የመጀመሪያ ፊደል ለመለየት የተጻፉ፣ ከላቲኑ ምልክት ጋር የሚያወዳድሩ መስመሮች ተበትነዋል፤ ዳታው ሲቀየር እነርሱ ምንም የስህተት መልእክት ሳያሳዩ መሥራት ያቆማሉ።

ፊደል ፈላጊ ኮድ ላይ ደግሞ የበለጠ ስውር ነገር አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ የሚያደርግ ፈንክሽን በብዙ የአማርኛ ስርዓቶች ውስጥ አለ፤ ብዙ ጊዜም በየክፍሉ ተገልብጦ ስድስት ሰባት ቦታ ይገኛል። ተመሳሳይ ኮድ ፈላጊ መሣሪያ እነዚህን ቅጂዎች ያገኛቸውና «አንድ አድርጓቸው» ይላል። ቀረብ ብለን ስናያቸው ግን አንዱ ኀን አላካተተም፣ ሌላው ዐን ትቷል። በአንዱ ክፍል ይህ መዘንጋት ነው፤ በሌላው፣ ለምሳሌ የሕጋዊ ስም ማረጋገጫ በሚሰጥበት ቦታ፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። በጅማና በአካባቢው ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመርበታል፤ ጫልቱ የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍ ረጃጅም አናባቢዎቹ ይደጋገማሉ፣ በእንግሊዝኛ ልማድ በተጻፈ መታወቂያ ላይ ግን አይደጋገሙም፤ አንዲት ታካሚ በአንድ ስርዓት ውስጥ ሦስት ሰው ሆና ልትመዘገብ ትችላለች። ይህን ለማስታረቅ የተጻፈ ኮድ አስቀያሚ ነው፤ አስቀያሚነቱ ግን በውስጡ የያዘው እውቀት ነው። መሣሪያው ልዩነቶቹን ያውጣልን፤ የትኛው ይጥፋ የሚለውን የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን ጠይቀን እንወስን።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ሳልናገር ባልፍ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ሞዴሎቹ ኮድ ያነባሉ፣ ያስረዳሉ፣ እንደገናም ይጽፋሉ፤ ከዚህ ቀደም መሣሪያ ከማይደፍራቸው ለውጦች ብዙዎቹን ይሞክራሉ። ጉግል በማስታወቂያ ኮዱ ውስጥ 32 ቢት የነበሩ መለያ ቁጥሮችን ወደ 64 ቢት ለማሳደግ እንደተጠቀመባቸው በይፋ ጽፏል፤ እዚያም ቢሆን ሞዴሉ የጻፈው ለውጥ ኮምፓይል ሆኖ፣ ቴስቶችን አልፎ፣ በሰው ተገምግሞ ነው የሚገባው። የሞዴሎቹ ድካም ከተነሣሁበት ሐሳብ ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። ቅድመ ሁኔታው ባይሟላም በልበ ሙሉነት የሚያምር ኮድ ይሰጣሉ፤ ያንኑ ጥያቄ በማግስቱ ስትጠይቋቸው ደግሞ የተለየ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ሺህ ፋይል በሞዴል ከማስቀየር ይልቅ አንድ የለውጥ ደንብ በሞዴል ማስጻፍ ይሻላል። ደንቡን ሰው አንብቦ ያርመዋል፤ በሺህ ፋይል ላይ አሥር ጊዜ ቢካሄድም አሥሩንም ጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣል።

ሁለት ወይም ሦስት ፕሮግራመር ብቻ ያለው መሥሪያ ቤት ከየት ይጀምር ለሚለው መልሴ ቀላል ነው። ኮዱ በአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ ከሆነ መጀመሪያ የኮድ ለውጦችን ታሪክ ወደሚይዘው ጊት ይግባ። ቀጥሎ፣ ምንም ባልተጫነበት ንጹሕ ማሽን ላይ ከኮዱ ተነሥታችሁ ፕሮግራሙን መገንባት መቻላችሁን አረጋግጡ፤ ብዙ ነባር ስርዓት የሚወድቀው በዚህ ፈተና ነው፤ ያላስተዋላችሁት ላይብረሪ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይገኛልና፤ ከኢንተርኔት ፈልጋችሁ የምታወርዱትም ከሆነ ኔትወርክ በሌለበት ቀን እንዳይቸግራችሁ በራሳችሁ ዘንድ አስቀምጡት። ከዚያ ስርዓቱ አሁን የሚያደርገውን፣ ትክክልም ይሁን ስህተት፣ እንዳለ መዝግቡ። የአንድ ዓመት የደመወዝ ዝርዝር በአሮጌው ኮድ አውጡ፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ እንደገና አውጡና እስከ ሳንቲሙ አወዳድሩ። ስሞችና የሂሳብ ቁጥሮች ለዚህ ሥራ ከተዘጋጀው ቅጂ ላይ ይሸፈኑ።

ሥራው ሲጀመር አንድ ደንብ ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ፤ የአወቃቀር ለውጥና የስህተት እርማት በአንድ ኮሚት፣ ማለትም ጊት በአንድ ጊዜ በሚመዘግበው ለውጥ፣ ውስጥ አይቀላቀሉ። ስትሠሩ ግልጽ ስህተት ብታገኙ እንኳ በማስታወሻ ያዙት እንጂ ወዲያውኑ አትንኩት። ውጤቱ ሲለያይ ከሪፋክተሪንጉ ይሁን ከእርማቱ የመጣው ልዩነት ያኔ አይታወቅምና።

ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱን እዚህ ማስፈር ይገባኛል። አንዲት ባለሙያ የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ ጠፍቶ የሚሠራው ፋይል ብቻ ቢቀር ምን ይደረጋል ብለው ጠየቁ። ጥያቄው በመሥሪያ ቤቶቻችን ብርቅ አይደለም። ምንጭ ኮድ ከሌለ ሪፋክተሪንግ የለም፤ የሚቀረው መተካት ነው። ቢሆንም መተካቱም በአንድ ሌሊት መሆን የለበትም። ዳታቤዙ በእጃችሁ እስካለ ድረስ የሠንጠረዦቹን አወቃቀር፣ በዳታቤዙ ውስጥ የተጻፉትን ስቶርድ ፕሮሲጀሮችና ትሪገሮች (ሲጠሩ ወይም ዳታ ሲለወጥ የሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) አውጡ፤ ብዙው የሥራ ደንብ እዚያ ተደብቆ ይገኛል። ከዚያ ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር የሚለዋወጠውን መልእክት ለአንድ ሙሉ የሥራ ወር፣ ቢቻል የወር መጨረሻንና የበጀት መዝጊያን ጨምሮ፣ መዝግቡ። አዲሱን ክፍል በአንድ ስክሪን ጀምራችሁ ከአሮጌው ጎን አቁሙት፤ ሁለቱ ለአንድ ግብአት አንድ ዓይነት መዝገብ እስኪጽፉ ድረስ አሮጌውን አትዝጉት። ሁለቱ ሲለያዩ አሮጌው ተሳስቷል ብላችሁ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ በዚያ ስክሪን ለዓመታት የሠራውን ሰው ጠይቁ።